ያ ልጅ እና የተቀደደው ስፒከር

ወንድ ልጁን ፊት ለፊት፣ በገዛ አፉ፣ በስሙ ጠርቶ የሚያናግር አባት በምሥራቅ ጎጃም አለ የሚል ሰው ካለ ቢቸና ድረስ ይምጣና ያሳየኝ። ምሳው በእኔ ነው። እኔ እስካሁን ያየሁት የሚልክ አባት ብቻ ነው። ሚስቱን ይልካል፣ ሴት ልጁን ይልካል፣ ጎረቤት ይልካል፤ ሰው ያጣ እንደሆነም ድመቷን ያናግራል።

ታውቁታላችሁ። ልጁ ከሩቅ አገር ሲደውል ስልኩን አንሥቶ «ደኅና ነህ? በል ቆይ እናትህን ላቅርብልህ» የሚለው እሱ ነው። ካቀረበ በኋላ ግን አይሄድም። እናትየው ትከሻ ላይ ተደግፎ «ብርድ አለ ወይ በይው፤ ይበላል ወይ በይው፤ ሥራው እንዴት ሆነ በይው» እያለ ያንኑ የሰጠውን ስልክ በሩቁ ይጠይቃል። ከአንድ ደቂቃ በፊት ስልኩ በእጁ እንደ ነበር ብታስታውሱት ይቆጣል።

የዚህ ወገን ሊቀ መንበር፣ የማይሻር የማይለወጥ አለቃ፣ ክቡር ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ናቸው። የቢቸና ሬዲዮ ሠሪ። ሱቃቸው ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው፤ ከእኔ ፎቶ ኮፒ ቤት ጋር አንድ የቆርቆሮ ግድግዳ እንጋራለን። ቆርቆሮ ደግሞ ምስጢር አይችልም። እሳቸው የሚሉትን እኔ እሰማለሁ፣ የእኔ ማሽን ሲያስነጥስ እሳቸው «ይማርሽ» ይላሉ።

የተበላሸ ሬዲዮ ሲመጣላቸው ወዲያው አይከፍቱትም። መጀመሪያ ጆሯቸውን ይሰጡታል። ዓይናቸውን ጨፍነው ያዳምጡና «ይኸ ወድቋል፤ ከጠረጴዛ አይደለም፣ ከበቅሎ ላይ ነው» ይሉታል ባለቤቱን። ሰውየው ከበቅሎ ላይ መውደቁን ሚስቱ እንኳ እንዳታውቅ ሲል የደበቀ ነው። ከዚያ ካቻቢቴያቸውን ያነሣሉ። ጠግነው ሲጨርሱ የሚሞክሩበት አንድ የመሰንቆ ካሴት አላቸው፤ ካሴት የሚያጫውት ዕቃ እየጠፋ ሲሄድ እኔው ፍላሽ ላይ አስገለበጥሁላቸው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ የእነማይ ወረዳ ሬዲዮ ሁሉ የተሞከረው በዚያ መሰንቆ ነው።

«ጋሼ፣ ሌላ ዘፈን የለም እንዴ?» ብዬ ጠይቄያቸው ነበር።

«ይኸን አውቀዋለሁ። የት ላይ እንደሚያለቅስ፣ የት ላይ እንደሚነጫነጭ አውቀዋለሁ። ከዚያ የተለየ ከሰማሁ ጥፋቱ የዕቃው ነው።»

ዕቃው በደንብ ሲሠራ አንድ ቃል ብቻ ይናገራሉ። «ተናገረ» ይላሉ። ደስታቸውም ምስጋናቸውም ያው ነው። «ጎበዝ»፣ «አምሯል»፣ «እሰይ» የሚባሉ ቃላት በሱቃቸው ተገኝተው አያውቁም።

አንድ ልጅ አላቸው፣ ስጦታው። አብሮ አደጌ ነው። እናቱ እትዬ አስናቀች በሕይወት ሳሉ ከቤታቸው ራት ሳልበላ የቀረሁበት ሳምንት የለም፤ ስለዚህ የምናገረው በዓይኔ ያየሁትን ነው። አባትና ልጅ በአንድ መሶብ ቀርበው፣ እጃቸው አንድ ወጥ ላይ እየተጋጨ፣ ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ እንዲህ ይላሉ፦

«አስናቀች፣ ያ ልጅ ፀጉሩን አይቆረጥም ወይ?»

እትዬ አስናቀች ወደ ቀኝ ይዞራሉ። «ፀጉርህን ተቆረጥ ይሉሃል አባትህ።»

«እሺ በይልኝ» ይላል ስጦታው።

እትዬ አስናቀች ወደ ግራ ይዞራሉ። «እሺ ይላል።»

«እኔ አንገቴ የተቀጨው በእንስራ አይደለም፣ በእነዚህ በሁለቱ ነው» ይሉኝ ነበር እየሳቁ። ደግሞም አንድ ቀን «ስሙን እኮ ያወጣለት እሱ ነው» አሉኝ። «ስምንት ዓመት ልጅ አጥተን ቆይተን ሲወለድ፣ ስጦታው ይባል ብሎ ለካህኑ የነገረ እሱ ነው። ከዚያ ወዲህ በአፉ ሲጠራው አልሰማሁም። ያ ልጅ ነው የሚለው። ምን እንደሚፈራ እንጃ።»

እትዬ አስናቀች ከአራት ዓመት በፊት ዐረፉ። በለቅሶው አባትና ልጅ ከድንኳኑ ውስጥ በአንድ አግዳሚ ጎን ለጎን ሦስት ቀን ተቀመጡ። ሦስት ቀን ሙሉ አንድ ቃል አልተነጋገሩም። ጠብ አልነበራቸውም፣ መካከላቸው የምትዞረው ሴት ስላልነበረች ነው። በሦስተኛው ቀን ውኃ ላቀርብ ብጠጋ ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ቀና ብለው አዩኝ፤ ዓይናቸው ቀልቷል።

«ፈንቴ» አሉኝ፤ ፈንታነሽ ነው ስሜ። «በይው እስቲ ያንን ልጅ። ትንሽ እህል ይቅመስ።»

ያ ልጅ አጠገባቸው ነው። እኔም ወደ ቀኝ ዞርሁ። በዚያች ሰዓት የኃይለ ጊዮርጊስ መንግሥት ልዩ መልእክተኛና ባለ ሙሉ ሥልጣን አምባሳደር ሆኜ ተሾምሁ፤ ማንም ትፈልጊያለሽ ወይ ብሎ አልጠየቀኝም።

ስጦታው የሚሠራው ሞጣ ነው፤ በአንድ የቴክኒክ ኮሌጅ የኤሌክትሪክ መምህር ነው። ስለዚህ ኤምባሲው በስልክ ይሠራ ጀመር። ግድግዳው ሁለት ጊዜ ሲመታ አውቃለሁ።

«በይው፣ ቡኒው ሹራቡ እዚህ ቀርቷል፤ ሞጣ ብርድ ነው።»

«በይው፣ የቆጡ እንጨት ተበልቷል፤ ሲመጣ ይየው።»

«በይው፣ ይሰማል ወይ?» ይህ የመጨረሻው ምን ማለት እንደ ሆነ ዛሬም በደንብ አላውቅም።

አንድ ነገር ልናዘዝ። መልእክቱን እንዳለ አላደርስም ነበር። ደረቅ ሆኖ ስለሚታየኝ እጨምርበታለሁ። እሳቸው «ሹራቡ ቀርቷል» ሲሉ እኔ «አባትህ ሹራብህን ባዩት ቁጥር ሆዳቸው ይባባል» እላለሁ። እሱ «ደኅና ነኝ በይው» ሲል እኔ በቆርቆሮው በኩል «እጅዎን እስማለሁ ይላል፣ ናፍቆታል» እላለሁ። ሁለቱም ያውቁብኛል። ስጦታው እንዲያውም አንድ ጊዜ «አባዬ ‹ናፍቀኸኛል› ካለ ዓባይ ወደ ላይ ፈስሷል ማለት ነው፤ ጨምረሽበታል» ብሎ ስቆብኛል። ግን ጨምሪልኝ አላለም፣ አትጨምሪም አላለም። እኔም ጨመርሁ።

ባለፈው ዓመት ዘፈኑ መጣ።

ኢንተርኔቱ ሄድ መለስ በሚልበት ወራት ነበርና የመጣው በሚሞሪ ነው፤ ከሞጣ በሚኒባስ፣ ከሚኒባስ ወደ ባጃጆች። ስጦታው ከሁለት ጓደኞቹ ጋር የሙዚቃ ባንድ አቋቁሞ ኖሯል። ከበሮውን የሚመታው ሙስዐብ የሚባል የሞጣ ልጅ ነው፤ የሚለማመዱትም ከሙስዐብ አባት ከሐጂ አብዱልሐኪም የጨርቅ መጋዘን ውስጥ ነው። የጨርቁ ጣቃ ድምፅ ስለሚውጥ ጎረቤት አልተቆጣም። ዘፈኑ ሮክ ነው። ጊታሩ የሚያንጎራጉር ጊታር አይደለም፤ ይጮሃል፣ ይንጫረራል፣ ጉሮሮውን እንደ ታነቀ ሰው ይተናነቃል። በዚያ መካከል ስጦታው እንዲህ ይላል፦

ካጠገቤ ተቀምጦ በሰው ይልክብኛል፤
አገር ስሜን ሲጠራው እሱ «ያ ልጅ» ይለኛል።
ዲዳ ሬዲዮ ሁሉ በእጁ ተናግሯል፤
የኔ ተራ መቼ ነው? ወረፋው ረዝሟል።

ስሙም «ያ ልጅ» ነው። መጀመሪያ ስሰማው ፎቶ ኮፒ ማሽኑ ላይ ተደግፌ አለቀስሁ። ሁለተኛ ስሰማው ደነገጥሁ። ቢቸና የማን ዘፈን እንደ ሆነ በአንድ ቀን ዐወቀች፤ በሁለተኛው ቀን ፈረደች። «አባቱን በአደባባይ ሰደበ» አለ ግማሹ። «እውነቱን ነው የተናገረ» አለ ግማሹ። ሁለቱም ወገን ግን በጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ሱቅ በኩል ሲያልፍ ድምፁን ይቀንሳል።

ከባንተአምላክ በስተቀር። ባንተአምላክ ባጃጅ ነጂ ነው፤ የልብ ሰው ነው፣ ነገር ማመዛዘን ግን አልተሰጠውም። ሰኞ ጧት ሱቃቸው ደጃፍ ላይ ቆሞ ተሳፋሪ ሲጠብቅ ዘፈኑን ለቀቀው። መናኸሪያው ጸጥ አለ። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ከሱቃቸው ወጡ። ባጃጁ አጠገብ ቆመው ጆሯቸውን ሰጡት፤ ዓይናቸውን ጨፈኑ።

«ስፒከርህ ተቀድዷል» አሉት።

«እንዴት ጋሼ?»

«ተቀድዷል አልሁህ! አይሰማህም? አምጣው።»

ባንተአምላክ እኔን አየኝ፤ እኔ መሬቱን አየሁ። ስፒከሩ ተፈታ። ወረቀቱ ደኅና ነው፣ ጥቅልሉ ደኅና ነው፣ ሽቦው ደኅና ነው። በመሰንቋቸው ሞከሩት፤ ጥርት ብሎ አለቀሰ። መልሰው ገጠሙት። ባንተአምላክ ዘፈኑን ሲከፍት እንደገና ተንጫረረ። ከሰዓት በኋላ ሌላ ባጃጅ ያንኑ ዘፈን እያሰማ አለፈ፤ አስቆሙት፣ ፈቱት። ማክሰኞ ሦስተኛ። በቢቸና የስፒከር ወረርሽኝ ገባ ብለው ተጨነቁ። ከከተማው ሰው አንድም አፍ አውጥቶ ጋሼ፣ ጊታሩ ነው የሚል ጠፋ። ጊታሩ ነው ካሉ የማን ጊታር ነው ይመጣላ!

በመጨረሻ ሥራው የአምባሳደሩ ሆነ። «ጋሼ» አልኋቸው፣ «ዘፈኑ የስጦታው ነው።»

ካቻቢቴያቸውን አስቀመጡ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ሳምንት ግድግዳው አልተመታም። በሦስት ዓመት ውስጥ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። የሹራብ ነገር የለም፣ የቆጥ ነገር የለም። ልባቸው ቢሰበር ነው ብዬ ተቀመጥሁ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ስጦታው ደወለ።

«ሰማ ወይ?»

«ሰምተዋል።»

«ምን አለ?»

ለወትሮው የምጨምረው አላጣም። ያን ቀን ግን የምጨምርበት ነገር አልነበረም፤ ባዶ ላይ ምን ይጨመራል? «ምንም» አልሁት።

ድምፁ ደረቀ። «አዳማ ሥራ አግኝቻለሁ። ቅዳሜ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኮሌጁ አዳራሽ ለመጨረሻ ጊዜ እንጫወታለን። ከዚያ እሄዳለሁ። እንዲህ ዝም ካለ ዓባይ ድልድይን ከተሻገርሁ በኋላ ምን ይመልሰኛል? እናቴም የለች። ይኸን ንገሪው፤ ባክሽ ምንም ሳትጨምሪ።»

ምንም ሳልጨምር ነገርኋቸው። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ሰሙኝና ከጠረጴዛው ሥር ካርቶን ሳቡ። ውስጡ አዲስ የስፒከር ወረቀት አለ፣ ሰፊ፣ የባጃጅ ሳይሆን የአዳራሽ።

«ባሕር ዳር ድረስ አስልኬ ዛሬ ነው የደረሰልኝ» አሉኝ። «በሦስት ባጃጅ ላይ ያው ድምፅ ነው። እንግዲያ ጥፋቱ የባጃጆቹ አይደለም፣ ልጆቹ ዘፈኑን ሲቀዱ ነው የተበላሸ። የእነሱ ስፒከር ነው የተቀደደ። ሁለት ሳምንት ሙሉ ይኸን ሳፈላልግ ነው የከረምሁ።»

«ግን ቃሉን... ግጥሙን ሰምተውታል ወይ?»

«በዚያ ጩኸት መካከል ምን ይሰማል? የተቀደደ ነገር ሳዳምጥ ጆሮዬ ሌላ አይይዝልኝም።» ቴስተሩን፣ ፒንሳውን፣ ማበየጃውን ከሣጥናቸው ይከቱ ጀመር። «ያ ልጅ በተቀደደ ስፒከር ሰው ፊት ሊቆም አይገባውም። ይሥቁበታል። ቅዳሜ አብረሽኝ ትሄጃለሽ።»

ሄድን። ከቢቸና በደብረ ወርቅ፣ በግንደወይን አድርጎ ሞጣ። ሣጥኑን ጉልበታቸው ላይ እንዳስቀመጡ አላወረዱትም፤ የሚኒባሱ ረዳት ከላይ ልጫነው ቢላቸው «ተሰባሪ ነው» አሉት። እኔ በመንገዱ ሁሉ የማስበው አንድ ነገር ነው። ስፒከሩን አይተው ደኅና መሆኑን ያውቃሉ፤ ከዚያ ቃሉን ይሰማሉ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ ሕዝብ ፊት። ያን ጊዜ ምን ይውጠኝ?

ግንደወይን ሚኒባሱ ሰው ሲያወርድ ድፍረት አገኘሁ። «ጋሼ፣ ለምንድን ነው በቀጥታ የማያናግሩት?»

የተቆጡ መስሎኝ ነበር። ወደ መስኮቱ አዩ።

«የኔ አባት በሬውን ነበር የሚያናግሩ» አሉ። «ስናርስ እኔ ከኋላ ጓል እሰብራለሁ። ‹አይ ቡሬ፣ ይኸ ልጅ ደክሞታል መሰለኝ› ይሉታል በሬውን። ‹ቡሬ፣ ዘንድሮ ትምህርት ቤት ልንልከው ነው› ይሉታል። አባቴ ምን እንደሚያስቡ እኔ የሰማሁት ከቡሬ ጋር ነው። ቡሬ የሞተ ዕለት አለቀስሁ፤ ሰው ለበሬው ያለቀስሁ መሰለው።» ሣጥናቸውን አስተካከሉ። «እኔ እንኳ ተሻሽያለሁ። ሰው ነው የምልክ።»

ረዳቱ በሩን ዘጋና ወደ ሞጣ ቀጠልን።

አዳራሹ ሞልቷል። ሐጂ አብዱልሐኪም ከፊት ተቀምጠዋል፤ ነጭ ቆባቸውን አጥልቀው፣ ባለቤታቸውን ወይዘሮ ዑሙሰልማን ከጎናቸው አድርገው። ከአጠገባቸው ስንቀመጥ የሰማሁት የመጀመሪያ ቃል «ዑሙሰልማ፣ ያ ልጅ ከበሮውን ትንሽ ይቀንስ በይው» የሚል ነው። ሙስዐብ ከአባቱ አምስት እርምጃ ርቆ ተቀምጧል። ወይዘሮ ዑሙሰልማ አዩኝ፣ እኔም አየኋቸው። ሳንተዋወቅ ተዋወቅን።

ስጦታው ወጣ። አባቱን ሲያይ እጁ ከጊታሩ ላይ ቆመ፤ ሰላምታ ለመስጠት ሰገድ አለ፣ አባቱም ሣጥናቸውን እንዳቀፉ ራሳቸውን ነቀነቁ። ከዚያ ጊታሩን መታው። ያ ድምፅ መጣ፤ በባጃጅ ከሰማነው አሥር እጥፍ።

ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ተነሡ። ሣጥናቸውን ይዘው ወደ መድረኩ ወጡ። ሰው መሣቅ ጀመረ፤ እሳቸው አልሰሙም። ትልቁ የጊታር ስፒከር አጠገብ በርከክ ብለው ጆሯቸውን ሰጡት። ከዚያ እጃቸውን ሰደው ገመዱን ነቀሉት።

አዳራሹ ጭጭ አለ። እሳቸው ወደ ልጃቸው ዞሩ፤ ስጦታው ፊት ያለው ማይክሮፎን በሌላ ስፒከር ስለሚሠራ ያሉትን ሁሉ የሞጣ ሰው ሰማው።

«ስጦታው» አሉ።

ሠላሳ አንድ ዓመቱ ነው። ከአባቱ አፍ ስሙን ሲሰማ የመጀመሪያው ነው። ፊቱ ላይ የሆነውን እኔ አልጽፈውም፤ ማየት ነበር።

«ስጦታው፣ ይኸ ዕቃ ተቀድዷል። በዚህ ሰው ፊት አትቁም። ጥቂት ታገሠኝ፤ መለዋወጫ ይዤ መጥቻለሁ።»

ስጦታው ጊታሩን ወደ ጎኑ አደረገ። «አባዬ፣ አልተቀደደም። እንዲህ እንዲሆን ነው።»

«ሆን ብለህ?»

«ሆን ብዬ።»

«ደኅናውን ድምፅ ምን ሆነ ብለህ?»

«በደኅናው ብዙ ጊዜ ሞክሬያለሁ። አልተሰማልኝም።»

ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ወደ እኔ ዞሩ። ልማድ ነው። አፋቸው «በይ...» ሊል ተከፍቶ አየሁት። እኔም ልማድ ሆኖብኝ ከወንበሬ ብድግ ብዬ ነበር። ግን አልጨረሱትም። አፋቸውን ዘግተው ወደ ልጃቸው ተመለሱ።

«በል እንግዲያ» አሉት። «እሰማለሁ።»

ገመዱን ራሳቸው መልሰው ሰኩት። ሣጥናቸውን ስፒከሩ ሥር አኑረው ተቀመጡበትና ዓይናቸውን ጨፈኑ። ያ ጩኸት ጆሯቸው ላይ ሲወርድ አልተነቃነቁም። ጥፋት መፈለጉን ትተዋል፤ ቃሉን ነው የሚሰሙት። «የኔ ተራ መቼ ነው» ላይ ሲደርስ ቀኝ እጃቸው ተነሥቶ ጉልበታቸውን ያዘ፤ እንደያዘ እስከ መጨረሻው ቆየ።

ዘፈኑ አለቀ። ማንም አላጨበጨበም፤ ሁሉም እሳቸውን ይጠብቃል። ዓይናቸውን ሳይገልጡ ያችን አንድ ቃላቸውን አሉ።

«ተናገረ።»

ስጦታው ጊታሩን እንደታጠቀ ከአባቱ እግር ሥር ተቀመጠና አለቀሰ። ሐጂ አብዱልሐኪም ጉሮሯቸውን ጠረጉ፤ ከዚያ ባለቤታቸውን ሳያዩ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው «ሙስዐብ! በርታ!» አሉ። ያን ዕለት ሞጣ ላይ ሁለት ሴቶች ከሥራ ተሰናበትን።

ስጦታው አዳማ መሄዱ አልቀረም፤ ሥራ ሥራ ነው። የሄደ ዕለት በግድግዳው በኩል ስልክ ሲጮህ ሰማሁ። የእኔ አይደለም፣ የእሳቸው ነው።

«ድልድዩን ተሻገርህ?» ይላሉ። «እህ። ቁልቁለቱስ? እህ። ሾፌሩን ቀስ በል በለው። አዎ፣ አባቴ ነው ያለህ በለው።»

ወዲያ ማዶ የሚባለውን ይሰማሉ። ከዚያ፣ በጣም ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «እኔም» አሉ። ምን «እኔም» እንደ ሆነ አልሰማሁም፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ቆርቆሮው ምስጢር ቻለ። በሦስት ዓመት ውስጥ የፈጠርኋቸው ያማሩ መልእክቶች ሁሉ ከዚያች አንድ ቃል ጋር ሲተያዩ ምንም አይደሉም።

አሁን እሑድ እሑድ ይደዋወላሉ። ግድግዳዬ አይመታም። እንደምገላገል አስቤ ነበር፤ እውነቱን ለመናገር ግን ይከፋኛል። አንዳንዴ ሥራ ሲቀዘቅዝ ራሴ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ እመታና «ጋሼ፣ የሚላክ የለም?» እላቸዋለሁ። «የለም ፈንቴ፣ ዕረፊ» ይሉኛል። አንድ ጊዜ ብቻ ራሳቸው መጥተው ደጃፌ ላይ ቆሙ። «እናቱ ከሞተች ወዲህ አንቺ ባትኖሪ ገመዱ ተበጥሶ ነበር» አሉኝ። ለማን እንዳሉት ለማየት ወደ ኋላዬ ዞርሁ። ማንም አልነበረም፤ ለእኔ ነው።

ባለፈው ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ከገጠር የመጡ አንድ ሰው የሠሩላቸውን ሬዲዮ ሊወስዱ መጡ። ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ ፍላሹን ሰክተው ሞከሩላቸው። መሰንቆው የለም። ያ ጊታር ነው፣ የሚጮኸው። ሰውየው ደነገጡ።

«ኧረ ጌታው፣ ይኸ ነገር አሁንም ይንጫረራል! አልተሠራም እኮ!»

«ተሠርቷል» አሉ ጋሽ ኃይለ ጊዮርጊስ። «እንዲህ እንዲሆን ነው።»

«ሆን ተብሎ?»

«ሆን ተብሎ።»

ማሽኔን አጠፋሁና ጆሮዬን ለቆርቆሮው ሰጠሁ።

«ልጄ ነው» አሉ። «ስጦታው ይባላል።»